ፎካሪው ሲስት

የሳተ አዳኝ ምክንያት አያጣም፤ ነፋሱ ነበር፣ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች፣ ድኩላው ጎንበስ አለ። ዘራፍ ሲል አንድ ቃል የማይስት ሰው 100 ሜትር ላይ የተሰቀለ ካርቶን ይስታል። ከዚያ የጠመንጃውን ዋጋ የሚያህል የማነጣጠሪያ መነጽር ገዝቶ አሮጌው ተቀምጦበት በነበረው የላላ ብሎን ላይ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ከካቻቪቴው መጀመር ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። የመነጽሩ ቀለበት ብሎኖች ወደ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ ጉልበቱን ሊያሳይ የፈለገ ቱቦውን ይጨፈልቃል። ማውዘር 98 የተባለው ጠመንጃ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ የፊተኛው ይቀድማል፣ የኋላው ይከተላል።

ቀጥሎ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ይገባና ወደ ኋላ ይሳባል። ያዝ ያደረገበት ቦታ ላይ እንጨቱ በርሜሉን ነክቶታል ማለት ነው። እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በጥር ልክ የነበረው ጠመንጃ በሐምሌ ወደ ጎን ይመታል። መድኃኒቱ በዱላ ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀትና የተፋቀውን የሚደፍን ቫርኒሽ ነው። (ፋብሪካው ሆን ብሎ ጫፉን እንጨት ያስደገፈው ቀጭን በርሜልም አለ፤ እሱን ሳይተኩሱ መፋቅ ጥፋት ነው።)

ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ከተወዛወዘ ስሩ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሞላል። ያኔ ብረቱን፣ ብሎኖቹን ጭምር፣ በጫማ ቀለም መቀባት የረሳ ሰው ብረትና እንጨቱን በቁርባን አጋብቷል፤ መፋታት የለም።

በርሜል የሚጸዳው ከኋላ ነው። ከፊት ዘንግ የሚሰድ ሰው የአፈሙዙን ከንፈር ይቦጭቃል፤ ጥይቷ የምትሰናበተው በዚያ ከንፈር ነው፣ አንዱ ጎን ከተጎዳ ስትወጣ ትገፋለች። በመዳብ ማሟሟቻ የራሰው ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ የመዳብ ዝቃጭ ገና አላለቀም።

ከዚያ ተኩስ። አንድ ዓይነት ጥይት፣ የፊቱ እንጨት (በርሜሉ አይደለም!) በአሸዋ ከረጢት ላይ፣ በየመካከሉ በርሜሉ እየቀዘቀዘ፣ 5 ጥይት። ብዙው መነጽር በአንድ ቀጭታ (ማስተካከያው ሲጠመዘዝ ቀጭ በሚልበት አንድ እርምጃ) የጥይቷን ማረፊያ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በየጥይቱ የሚጠመዝዝ ሰው የራሱን ጥላ ያባርራል። አምስቱ ካለቁ በኋላ መሃላቸውን ይዞ ማስተካከል ነው።

ፎካሪው ግን ሦስቱ የተቀራረቡትን ለፎቶ አስተካክሎ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ያሉበትን የካርቶኑን ጎን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል።