ርካሽ ስለሆነ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም

«ለእማዬ የህንዱን የግፊት ኪኒን አልገዛም፣ ርካሽ ስለሆነ ፎርጅድ ነው» ያልከው ወንድሜ ልክ አይደለህም፣ እዚህ ኮዬ ፈጬም ጎረቤቶቼ እንዲህ እያሉ ውድ ውዱን ሲገዙ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው ርካሽ ኪኒን ጀነሪክ ይባላል፣ ሌላ ካምፓኒ የሚያመርተው ያው መድኃኒት ማለት ነው እንጂ ፎርጅድ ማለት አይደለም፣ የሚሰራው ንጥረ ነገር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ ዋጋው የሚወርደው ብዙ ጊዜ ፓተንቱ፣ ማለትም ለብቻ የማምረት መብቱ፣ ስላለቀ ነው። ፓተንት በብዙ አገር ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፣ እስኪያልቅ አንድ ካምፓኒ ብቻውን ዋጋ ይቆርጣል፣ ሲያልቅ ሌሎቹም ያመርቱና ይወዳደራሉ። የኤችአይቪን መድኃኒት አስታውስ እስቲ፣ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ የነበረውን የህንዱ ጀነሪክ አምራች ካምፓኒ ሲፕላ በ2001 እ.ኤ.አ. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሚባለው የእርዳታ ድርጅት በ350 ዶላር አቀረበው፣ ስንት ሰው ተረፈበት! ፎርጅድ የለም አላልኩም፣ አለ፣ ግን በዋጋ አይለይም፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዛ፣ እሽጉንና ቀኑን እይ። ለእናትህም ፋርማሲስቷን «ጀነሪኩ አለ ወይ?» በላት።