የማይወልቅ ካባ

እኛ ተመልካቾች አንድን ተዋናይ ስንወድ በዋዛ አይደለም። በአንድ ገጸ ባሕርይ ልባችን ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ሊመጣብን ቢሞክር እንቀየመዋለን፤ ያንኑ ሲደግም ደግሞ «ምነው፣ ሌላ ነገር አያውቅም እንዴ?» ብለን እናዝንለታለን። እንደ ሰይፍ በሁለት ወገን የተሳለ ፍቅር ነው። ጥልቀቱን የሚጠራጠር ካለ የቤላ ሉጎሲን የተዋናይነት ዘመን ይመልከት።

ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1882 ያኔ በሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው በሉጎስ ከተማ ተወልዶ፣ በቡዳፔስት ብሔራዊ ቴአትር ሲተውን ኖሮ፣ ተዋንያንን በማኅበር ሲያደራጅ ቆይቶ፣ የ1919ኙ አብዮት ሲከሽፍ አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ለእኛ ትርፍ ወሬ ነው። እኛ የምንፈልገው በ1927 በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ ቴአትር መድረክ፣ በ1931 ደግሞ በፊልም ያየነውን ደም መጣጩን ድራኩላ ነው፦ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ሻማ ይዞ፣ በተንጣለለው ደረጃ ላይ ቆም ብሎ የተኩላዎችን ጩኸት እንደ ዜማ የሚያዳምጠውን፣ እያንዳንዷን ቃል በሃንጋሪኛ ቅላጼ እየጎተተ የሚናገረውን። ለዚህ ፊልም በሳምንት 500 ዶላር ተከፈለው፤ በ1932 መክሰሩን በሕግ ፊት አስታወቀ። የእኛ ፍቅር እያለለት ገንዘብ ምን ያደርግለታል?

በ1939 በአንድ ኮሜዲ ኮስታራ የሶቪየት ሹም ሆኖ ብቅ ብሎ ነበር፤ ደግነቱ ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ይቅር ብለነዋል። የሚገርመው፣ በሙሉ ፊልም ድራኩላን ራሱን የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውም በ1948 የተሠራ የቀልድ ፊልም ነበር። በቀረው ዘመኑ ያበደ ሳይንቲስትም ሆነ፣ ሌላም ሆነ፣ ዓይናችን ካባውን ይፈልግ ነበር። በ1955፣ ለነርቭ ሕመሙ ማስታገሻ ብሎ የጀመረው ሞርፊን ሱስ ሆኖበት፣ በ72 ዓመቱ በገዛ እግሩ ሆስፒታል ገብቶ ሕክምና ጠየቀ። ይህ ከካባው ጋር ስለማይሄድ ብዙ አናነሳውም።

በእኛ አገር ካባ የክብር ልብስ ነው፤ ተሸላሚው ለብሶት ፎቶ ይነሣና ማታ ቤቱ ሲገባ አጥፎ ያስቀምጠዋል። የሉጎሲ ክብር ከዚህ ይበልጣል፦ በ1956 ሲሞት የድራኩላ ካባ ለብሶ ተቀበረ። ዳይሬክተሩ ኤድ ውድም ከሞቱ በፊት የቀረጻትን ጥቂት ምስል ይዞ ፊልም ሊሠራ ሲነሣ፣ የጎደለውን የሚሞላ ሌላ ሰው አምጥቶ ፊቱን በካባ እንዲጋርድ አደረገው። ሰውየው ሉጎሲን በመልክም በቁመትም አይመስልም። ታዲያ ምን ችግር አለው? ካባው አለ። ያንን ፊልም እስከ ዛሬ እየተሳሳቅን እናየዋለን።

ወራሾቹ በምስሉ ንግድ ላይ ድርሻ ይኑረን ብለው ቢከሱ፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 መብቱ ለወራሽ አይተላለፍም ሲል ፈረደ፤ ምስሉን ከካናቴራውና ከጭምብሉ አልፎ ለእርሳስ መቅረጫ ሳይቀር ላዋለው ፊልም ኩባንያ ተፈረደለት ማለት ነው። ሉጎሲን ያስጠራ ኦስካር የመጣው በ1995 ነው። የተሰጠውም ሉጎሲን ሆኖ ለተጫወተው ለማርቲን ላንዳው ሲሆን፣ እሱ ሽልማቱን ሊቀበል የወጣው ያለ ካባ ነበር።