ክብር ለጓጉንቸር

ከቃሊቲ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሰለፉትን መጋዘኖችና ፋብሪካዎች አስተውሎ የተመለከተ ሰው ባለንብረቶቻችን ለንብረታቸው ያላቸውን ፍቅር ሳያደንቅ አያልፍም። የብሎኬቱ አጥር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በላዩ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፤ በስባሪው ላይ እሾሃማ ሽቦ ተጠምጥሟል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ናቸውና ማንም ሞኝ ሊላቸው አይደፍርም።

የእኔ አድናቆት ግን ከአጥሩ ይልቅ ወደ አንድ በር ያዘነብላል። በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ በገባሁበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በአዳራሹ ጥግ፣ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ ከአናቱ የተለጠፈበት የብረት በር አየሁ። በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ከፊቱም ካርቶን እስከ ወገብ ድረስ ተደርድሯል። ሰሌዳው ለተቆጣጣሪ፣ ጓጉንቸሩ ለሌባ፤ ሁሉም እንደየማዕረጉ ተስተናግዷል። ለሠራተኞቹስ ምን ቀረላቸው የሚል ቢኖር ዋናው በር አለላቸው፤ ባለ አንድ ክንፍ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ አንድ በአንድ እየተፈተሹ የሚወጡበት። በጭስ የተዋጠ ሕዝብ ተገፋፍቶ ሲደገፈው እንዲህ ያለ በር እንደማይከፈት የታወቀ ነው፤ ጨዋ ሠራተኛ ግን ቢቃጠልም ተራውን ይጠብቃል። የእሳት ማጥፊያውም እንዳይሰረቅ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ሲያስፈልግ በደረሰኝ ፈርሞ ማውጣት ይቻላል፤ ኃላፊው ከምሳ ከተመለሱ።

ሕጉ በዚህ ነገር ትንሽ ይነዘንዛል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። የእኛ ባለንብረት ግን ያላሰበው ነገር የለም፤ ሌባው በአጥር ቢመጣ፣ በጣሪያ ቢመጣ፣ በሽንት ቤት መስኮት ቢመጣ ሁሉንም አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። እርምጃማ ተወስዷል፤ አዲሱ ጓጉንቸር ከቀድሞው ይወፍራል።

ይህ ጥበብ በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሲያልቁ አንደኛው መውጫ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ በሌላው በኩል ቦርሳቸውን እያስፈተሹ እንዲወጡ ነበር የተፈለገው። ባለቤቶቹ በነፃ ተለቀቁ። ከሁለቱ አንዱ በ1913 በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ እንደገና ተያዘና 20 ዶላር ተቀጣ። ጽናት ይሏችኋል ይህ ነው!

ነገር የሚያበዙ መሐንዲሶች ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን በክንድ ሲገፋ ወለል የሚል፣ በተከፈተ ቁጥርም የሚጮኽ ደወል ያለው በር አለ ይላሉ፤ ሌባውም ይታወቃል፣ ሰውም ይተርፋል ባዮች ናቸው። እንዲህ ያለ በር ቁልፍ ስለማያሻው የጥበቃ ሠራተኛን ኪስ ባዶ ያስቀራል፤ ክብራቸውንም ይነካል።

ይህን የተረዳሁት በሩ ላይ ከተቀመጡት አዛውንት ጋር ስጨዋወት ነው።

«አባባ፣ የዚያ የጥጉ በር ቁልፍ የት ነው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ ልጄ።»

«ፋብሪካው ሌሊትም ይሠራል አይደል?»

«እንዴታ! እስኪነጋ ነው የሚሠራው።»

«ሌሊት እርስዎ ይኖራሉ?»

«እኔማ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቴ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ እሄዳለሁ፤ የሌሊቱ ሌላ ነው።»

«ቁልፉስ?»

ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉና «አደራ እኮ ነው! አደራ ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አሉኝ። ስለ ቁልፉ መጠየቄ ግን ሳያጠራጥራቸው አልቀረም፤ ስወጣ ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ ፈተሹት።