ኒዬሪ ያለው መቃብርና መንዝ ያለው ዋሻ

ሚያዝያ 27 ከሰዓት በኋላ ነው። አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ስር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ አይተን አራት ሆነን ቡና ልንጠጣ ገባን። ወሬውን ያነሳው በቅርቡ ለሥራ ኬንያ ደርሶ የመጣው ወዳጃችን ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ኒዬሪ ያለ የጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። የአኦስታው መስፍን አሜዴዮ፣ ከግራዚያኒ ቀጥሎ አዲስ አበባ የተቀመጠው እንደራሴ፣ የተቀበረው እዚያ ነው። ወታደሮቹም አብረውት አሉ።

«እንዴት ተከብሮ እንደተኛ አያችሁ? ሰውየው እኮ እንደ ግራዚያኒ አልነበረም። ጨዋ ነበር» አለ።

ከዚያ ታሪኩን ይዘረግፈው ጀመር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። የንጉሡ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ሳለ በወጣትነቱ ኮንጎ ወርዶ፣ ማንነቱን ደብቆ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። አውሮፕላን ያበር ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ እንግሊዞች ወታደር አሰልፈው በክብር ተቀበሉት። በዓመቱ ገደማ በምርኮ እንዳለ ናይሮቢ ላይ ታሞ ሞተ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼም ደገፉት። «አባቴ ስሙን በክፉ ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። በ1930 ሲመጣ እኮ የየካቲት 12 ደም አልደረቀም። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ካለቁ ዓመት እንኳ አልሞላም። እሱ ከመጣ ወዲህ አገሩ ትንሽ ተነፈሰ። ጣሊያን አገር ተግዘው የነበሩ መኳንንትም ብዙዎቹ ተመለሱ።»

እስካሁን ዝም ብላ ስታዳምጥ የነበረችው የመንዝ ልጅ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘረት የሆነው በማን ጊዜ ነው?»

ማናችንም አልመለስንም። እሷው ቀጠለች። ሚያዝያ 1931 ነው። የአርበኛው የአበበ አረጋይ ሰዎች፣ ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ እናት ከነልጇ፣ ከብቱ ሳይቀር መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ቦታ ያለ አንድ ትልቅ ዋሻ ገቡ። ጣሊያን ዋሻውን ከበበ። በጥይት አልሆን ሲለው የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት ወደ 800 የሚጠጉት ተረሸኑ። የአገሩ ሰው ቦታውን አመጸኛ ዋሻ ይለዋል።

«ገብቼ አይቼዋለሁ» አለች። «መብራት ካልያዝክ እጅህም አይታይህ። የጎታ ስባሪ አለ። እህል ይዘው ነው የገቡት፣ ሊከርሙ አስበው። ከጎታው አጠገብ የሰው አጥንት አለ። ትንንሽ አጥንትም አለ።»

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ ነው ያዘዘው?» አሉ።

«የጦሩ አዛዥ ካቫሌሮ ነበር ይላሉ። ይሁና። እንደራሴው ማን ነበር? ከዘረት በኋላስ ሥልጣኑን ለቀቀ? እስከ አምባላጌ ድረስ እኮ ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የነጭ ዘር ክብር ማስጠበቂያ የተባለው ሕግ ሲወጣም በወንበሩ ላይ ነበር።»

ኬንያ የሄደው ወዳጃችን ትንሽ ተከራከረ። ሕጉ ከሮም የመጣ ነው፤ ሙሶሎኒን ማን እምቢ ይለዋል? አለ። ይኼ እውነት አለው። ጋሼ ግን መልሰው አልደገፉትም።

እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙም አልተናገርኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የቆየሁትን ግን እዚህ ልናገር። የሰውየው ጨዋነት ውሸት ነው አልልም። ከግራዚያኒ ጎን ስታቆመው ደግ ይመስላል። ከግራዚያኒ ጎን ቆሞ ደግ የማይመስል ማን አለ? ጨዋ ነው ብለው የመሰከሩለት ደግሞ ባብዛኛው መኮንን ለመኮንን የተያዩት ናቸው። አምባላጌ ላይ ሰላምታ የሰጡት እንግሊዞች ዘረትን አላዩም። ያቺ ጎታ ሞልታ ዋሻ የገባች እናት ስለ እንደራሴው ጠባይ የምትመሰክርበት ዕድል አላገኘችም። የጋሼ አባት አዲስ አበባ ላይ እፎይ ሲሉ እሷ መንዝ ላይ ጋዝ ትስብ ነበር። ሁለቱም በአንድ ገዥ ስር ናቸው። ግራዚያኒን ስንረግም ይኼኛውን «ደጉ» እያልን ካለፍነው ዘረት ያለቁትን ባለቤት አሳጣናቸው ማለት ነው። ከእንግዲህ ሰውየው ጨዋ ነበር ሲሉኝ ዘረትን ሳላነሳ አላልፍም።

ከመለያየታችን በፊት ወዳጃችን ልጅቱን «የዋሻው ፎቶ የለሽም?» አላት። እንደሌላት ነገረችው። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው መንዝ ልትወስደን ቀጠሮ ይዘናል። ጋሼም ጉልበቴ ከቻለልኝ እመጣለሁ ብለዋል።