ለእምቦጩ የሚረጨው ለቀረሶው ቀለብም ይተርፋል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረባቸው ላይ የተጠላለፈውን እምቦጭ እየነቀሉ «ልጄ፣ ይኼን በእጅ ታግለን አንችለውም፤ መድኃኒት ቢረጩት በሳምንት ይረግፍ ነበር» አሉኝ። ምሬታቸው ይገባኛል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ስንት ዘመቻ ተወጥቶበት አላለቀም። ግን እኛ አገር አረምና ተባይ የሚገድለውን ሁሉ መድኃኒት እንለዋለን፤ ስሙ ጉዳቱን ይሸፍንብናል።

ጣና ውስጥ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ አልጌ አለ፤ ዋቅላሚ የሚሉትም አሉ። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከእሱ ይመገባል፤ የዓሣ ጫጩት የሚበላቸው ጥቃቅን እንስሳትም እንዲሁ። አልጌውም እንደ እምቦጩ ምግቡን የሚያበጀው ከፀሐይ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ አረም ገዳይ ኬሚካል ሁለቱን አይለያቸውም። ግላይፎሴት የተባለው አረም ገዳይ የሚያግደው ኢንዛይም (የሕዋስን ሥራ የሚያቀላጥፍ ንጥረ ነገር) አልጌ ውስጥም አለ። አትራዚን የሚባለው ሌላው አረም ገዳይ ደግሞ የብርሃን ኃይል የሚተላለፍበትን መንገድ ይዘጋዋል፤ አልጌው ፀሐይ እየሞቀ ይርበዋል።

ጉዳቱ ሁልጊዜ ሞት ሆኖ አይመጣም። በአንዳንድ ፀረ ተባይ ውስጥ የሚገኘው መዳብ በበዛበት ውሃ የአልጌው ሕዋስ መከፈል ያቅተውና ያብጣል። አንዳንዱ አልጌ መዳቡን የሚያስር ንጥረ ነገር ሠርቶ ይከላከላል። አትራዚን ያደከመውም ንጹሕ ውሃ ካገኘ ሊያገግም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ዝርያዎቹ እኩል አለመቻላቸው ነው። ደካማው ሲጠፋ ቻዩ ቦታውን ይወርሳል፤ ውሃው ከላይ ሲያዩት እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው፣ የዓሣው ቀለብ ግን ተለውጧል። በዚያ ላይ በኬሚካል የሞተው እምቦጭ እዚያው ሰጥሞ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው።

አስቀድሞ መፈተን ይቻላል። በዓለም የታወቀው የአልጌ ፍተሻ 72 ሰዓት ይፈጃል። ኬሚካሉ በተለያየ መጠን የተጨመረባቸው ጠርሙሶች ካልተጨመረበት ጋር ብርሃን ሥር ይቀመጣሉ፤ ሕዋሳቱ በየቀኑ ይቆጠራሉ። አልጌ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈል ሦስት ቀን ለእሱ ብዙ ትውልድ ነው። ዓሣ ሞቶ እስኪንሳፈፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዩኒቨርሲቲ ያላት ባሕር ዳር ይህን ለመሥራት አታንስም። የሚፈተነው አልጌ የቤተ ሙከራ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከጣና የተቀዳ ይሁን። የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ማሳ አቋርጠው ሐይቁን ከሚቀላቀሉበት ቦታም ክረምት ሲገባ ውሃ ተቀድቶ ይታይ፤ ከሩዙና ከሽንኩርቱ ታጥቦ የሚመጣውን ማወቅ አለብን። ውጤቱ ለዓሣ አጥማጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው። እስከዚያው አንድ ሊትር እንኳ ሐይቁ ላይ እንዳይረጭ።