ሶፍት ፎከስ ማለት ፎከስ የሳተ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ስላየኸው የድሮ ፎቶ ስትጽፍ፣ ምስልን ስለሚያለሰልሰው ሌንስ፣ «ሶፍት ፎከስ ሌንስ ምንም አይደለም፣ ፎከሱን ትንሽ ብታዛባው ያው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ስህተት ነው።

ፎከስ ሲስት ምስሉ ራሱ ይደበዝዛል፣ ጥርት ያለ ነገር አይቀርለትም። በሶፍት ፎከስ ሌንስ ግን በመሃል የሚያልፈው ብርሃን ጥርት ያለ ምስል ይሠራል። በጠርዝ የሚያልፈው ሌላ ርቀት ላይ ይሰበሰብና እንደ ስስ ጉም ከላዩ ያርፋል። ይህን የሌንስ ጉድለት ስፌሪካል አበሬሽን ይሉታል፤ ሆን ተብሎ ሳይታረም የተተወ ነው። እናቴን ነጠላ እንደለበሰች ቬሪቶ በሚባል ሶፍት ፎከስ ሌንስ አንስቻታለሁ። ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል፣ የነጠላዋ ነጭ ጠርዝ ግን ወደ ጥላው ፈክቶ ይፈስሳል። ፎከስ በማዛባት ይህን አታገኝም።

ሌንሶቹም አንድ አይደሉም። የዎለንሳክ ኩባንያ ቬሪቶ ኤፍ 4 ላይ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት፣ በጣም ይለሰልሳል፤ ቀዳዳውን እያጠበብክ ስትሄድ ይጠራል። የሮደንስቶክ ኩባንያ ኢማጎን ሌንስ ደግሞ እንደ ወንፊት ዙሪያውን የተበሳሳ ዲስክ አለው፤ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ስትዘጋ ልስላሴው ይቀንሳል።

ደግሞ ፎከሱን ፎቶውን በምታነሳበት የቀዳዳ መጠን ላይ ሆነህ አስተካክል። ቀዳዳውን ካጠበብከው በኋላ የፎከሱ ቦታ ይሸሻል።