አባዬ፣ ቼኩ ስንቅ አለው?

ጎንደር ውስጥ የልጅ በጀት ዓመት የሚከፈተው ነሐሴ ላይ ነው። ቡሄ ሲደርስ ወንዶቹ ጅራፋቸውን አጩኸው ሲያበቁ "ሆያ ሆዬ" እያሉ በየበሩ ይሰማራሉ። ከዚያ ወር ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ሴቶቹ አበባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ድሮ ሙልሙል ይበቃ ነበር። ዛሬ ሙልሙል ብቻ የሰጠ ሰው ስሙ ሠፈር ውስጥ ለዓመት ይነሳል።

ብሩ ቤት ሲገባ ባንኩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እናት ናት። "አምጣ ላስቀምጥልህ" ትላለች መቀነቷን ፈታ አድርጋ። ገቢ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሰልፍ የለ፣ ፎርም የለ። ወጪ ማድረግ የተሳካለት ልጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደፍሮ የጠየቀ ካለ መልሱ የታወቀ ነው። "የምትበላው በምን የተገዛ መሰለህ?"

አሁን ወላጁ ሠልጥኗል። ፒያሳ ብትወጡ ባንኮቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ሒሳቡ በልጁ ስም ይከፈታል፤ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ግን የሚፈርመው ወላጅ ነው። ያው መቀነቱ ማኅተም ተጨመረበት ማለት ነው። ወለድም አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ወስኗል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያስረዱት በትዕግሥት አዳመጠና፣ "አምና ብሬ ኳስ ይገዛ ነበር። ዘንድሮ ከነወለዱ ኳሱን ማስነፊያ ነው የሚሆነው" አለ። ልጁ ኢኮኖሚክስ ገና አልጀመረም።

ቅዳሜ ገበያ እህል የሚነግድ አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱ ቁጠባን ይንቃል። "ማስቀመጥማ አይጥም ታስቀምጣለች" ይላል። የ13 ዓመት ልጁን ማስተማር የፈለገው በቼክ የሚወጣበትን ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው። የሂሳብ ደብተር ቆራርጦ፣ በስቴፕለር መትቶ፣ የቼክ ደብተር ሠራላት። የሳምንት ብሯ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። እስክሪብቶም ሆነ ብስኩት ስትፈልግ ቼክ ትጽፋለች።

እውነት ለመናገር አስተማሪነቱን ወድጄለታለሁ። ቀን፣ የተቀባይ ስም፣ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም፣ ከዚያ ፊርማ። በአኃዝ 50፣ በፊደል "አምስት" ብለሽ ከጻፍሽ የሚጸናው የፊደሉ ነው አላት። የመጀመሪያ ቼኳን "ፊርማሽ አይመሳሰልም" ብሎ መለሰባት። አለቀሰች፤ አልራራም። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠናት። ሒሳብሽ ውስጥ በቂ ስንቅ፣ ማለትም ቼኩን የሚሸፍን ገንዘብ፣ ሳይኖር ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው፤ ያሳስራል።

ልጅቷ ትምህርቱን ያዘችው። ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ማታ ጤፍ ያመጣለት ሰው ገንዘቡን ሊቀበል ቤት መጣ። ወዳጄ እውነተኛውን የቼክ ደብተር አውጥቶ፣ የፊታችንን ሰኞ ቀን ጻፈበት፤ ፈረመ። ሲሰጠውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከሰኞ በፊት ባንክ እንዳትሄድ፣ አደራ" አለው። ልጅቷ ቡና እያቀረበች ነበር።

"አባዬ፣ ስንቅ አለው?"

"ዝም በይ አንቺ! ይህ ለዋስትና ነው።"

"ቼክ እኮ ቀኑ ወደፊት ቢጻፍም ባንክ በቀረበበት ቀን ነው የሚከፈለው። አንተ ነህ ያልከኝ።"

በሕጉ ልክ ናት። እንግዳው ግን ይህን ሕግ እስከዚያች ማታ ድረስ አያውቀውም ነበር። ሁለተኛውን ስኒ ሳይጠጣ ተነሳ። በማግሥቱ ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ወዳጄ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዘመድ ዘንድ ሲዞር አድሮ፣ ብሩን ለጥቂት አደረሰው።

ስለ አወጣጥ የተማረችውም አልተረሳትም። "ያወጣሽውን ሁሉ ጻፊ" ስላላት የሱንም መጻፍ ጀመረች። እሑድ ካፌ ይዟት ወጣ። የእኛን የሒሳብ መክፈል ግብግብ ታውቁታላችሁ። ወዳጄ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በሌላው የጓደኛውን ክንድ ይዟል። "በአርባ አራቱ ታቦት፣ ዛሬ አትከፍላትም!" ጓደኛው "ሞቼ ነው!" ይላል። አስተናጋጁ መሐል ቆሞ ማንን እንደሚሰማ ጠፍቶታል። ሦስተኛው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። (እያንዳንዱ ጠረጴዛ ክር የሚያስር ሰው አለው።) ማታ ደብተሯ ላይ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ "የማኪያቶ ትግል። አባዬ አሸነፈ። ወጪ 180 ብር። የተሸነፉት በነፃ ጠጥተው ሄዱ።"

እናትየዋ መጀመሪያ ስቃለች። ተራው እስኪደርሳት ነው። ቴሌብርም ሆነ የባንኩ መተግበሪያ በቤቱ ውስጥ የሚታዘዘው ለልጅቷ ነው፤ የይለፍ ቁጥሩን የምታስታውሰው እሷ ብቻ ነች። ታዲያ አንድ ዘመድ ሊበደር ደወለ። እናት "ውይ በሞትኩት! ከየት አባቴ ላምጣው? ባዶ ነው እኮ!" አለች። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። "እማዬ፣ አለሽ እኮ" አለች ልጅቷ ልትረዳት ብላ። "የምታዪው አካውንት ሌላ ሆኖ ነው። በዚኛው 6,000 ብር አለ።"

በዚያው ሳምንት የተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ትምህርት ቆመ። ምክንያቱ "ትምህርቷ ላይ እንድታተኩር" ነው ተባለ።

ወሬው ግን ሠፈር አዳርሶ ኖሮ የዕቁባችን ዳኛ እነልጅቷ ቤት ድረስ መጡ። ጸሐፊያችን ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ከጠፋበት ቆይቷል፤ እንዲያውም ያልከፈሉትን በተለየ ፍቅር ነው የሚረሳቸው። "ልጅሽን ለእሑድ እሑድ ብቻ አበድሪን፤ መዝገቡን ትያዝልን" አሏት እናትየዋን። "ለድካሟም እንከፍላታለን።"

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች።

"እሺ ጋሼ። ግን በቼክ አልቀበልም።"